የአየር በር፦ ከምጣድ እስከ ጣና



የዛሬው ርእሳችን አየር ነው። ስለ ዝናብና ስለ ብርድ የሚነገረው የአየር ጠባይ ሳይሆን፣ ወደ ሊጥ፣ ወደ አፈርና ወደ ውሃ የሚገባውና ከዚያም የሚወጣው አየር። እንጀራ የምትጋግር እናት፣ በጓሮው ቃሪያ የሚተክል ጎልማሳ፣ ጣና ላይ መረብ የሚጥል ዓሣ አስጋሪ፣ በላቦራቶሪ የውሃ ናሙና የሚመረምር ባለሙያ፣ ሥራቸው ለየቅል ይመስላል። ቀረብ ብለን ስናየው ግን አራቱም ከአየር ጋር ነው ጉዳያቸው። አንዱ ያስገባዋል፣ ሌላው ይከለክለዋል፣ ሌላው ደግሞ እጥረቱን ይለካል።

«አየር ይግባበት» የሚለውን ምክር ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ቤቱም፣ እህሉም፣ አፈሩም አየር ይግባበት ይባላል። ምክሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጎዶሎ ነው። ጠላ የጠመቀች ሴት የጋኑን አፍ የምትመርገው አየር እንዳይገባ ነው። ጤፍ የሚዘራ ገበሬም ደጋግሞ አርሶ ያለሰለሰውን ማሳ መልሶ በከብት ያስረግጠዋል። እነዚህ ሰዎች አልተሳሳቱም። እኔም ዛሬ የምሟገትለት ነገር ይኸው ነው፤ አየር በር አለው፣ በሩም የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት አለው። ሙያ ማለት ሰዓቱን ማወቅ ነው።

ሁለት ቁጥሮች

ወደ ማጀት ከመግባታችን በፊት ሁለት ቁጥሮች ልስጣችሁ፤ ሌላው ሁሉ ከእነርሱ የሚመዘዝ ነው።

የምንተነፍሰው ደረቅ አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን፣ 21 እጁ ኦክስጅን ነው። የቀረው በአብዛኛው አርጎን ሲሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሌሎች ጋዞች በጥቂቱ አሉበት። ሕይወት ያለው ነገር በብዛት የሚፈልገው ኦክስጅኑን ነው። ይህን ጋዝ ስዊድናዊው ካርል ሼለና እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ ለይተው አገኙት፤ ፕሪስትሊ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1774 ነበር።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከመቶ 80 እጅ ያህል ብቻ ነው። ውሃችንም 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የመጀመሪያው ቁጥር ከዚህ ጋር ይያያዛል። 20 ዲግሪ ሙቀት ያለው አንድ ሊትር ውሃ በባሕር ጠረፍ 9 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሊይዝ ይችላል፤ እዚህ ጣና ዳር ግን ከ7 ሚሊ ግራም ብዙም አያልፍም። አንድ ሊትር አየር በአንጻሩ እዚሁ ከተማችን ውስጥ ከ200 ሚሊ ግራም በላይ ኦክስጅን አለው። ውሃ ውስጥ የሚኖር ፍጥረት ከእኛ ይልቅ ምን ያህል በቁጠባ እንደሚኖር ከዚህ ማስላት ይቻላል።

ሁለተኛው ቁጥር ይበልጥ ያስደንቃል። ረጋ ባለ ውሃ ውስጥ ኦክስጅን የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጭበት ፍጥነት 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ውሃ ሲሞላት፣ ውሃው ራሱ መዝጊያ ሆነ ማለት ነው። የአፈርም፣ የክምርም፣ የሐይቅም ችግር ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይነሣል።

በማጀት

ከእንጀራ እንጀምር። የጤፍ ዱቄት በውሃ ተቦክቶ እርሾ ሲጨመርበት፣ በሊጡ ውስጥ የእርሾ ፈንገሶችና የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ሥራ ይጀምራሉ። ሲቦካ ከእጅ ጋር የገባው አየር ለእርሾው መራቢያ ይሆነዋል። ያ ኦክስጅን ግን ወዲያው ያልቃል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ቀናት ሥራው የሚቀጥለው ያለ አየር ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ሊጡን ያኮመጥጡታል፣ እርሾውም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያመነጫል። እንግዲህ በእንጀራችን ዓይን በኩል የሚወጣው ጋዝ ከውጭ የገባ አየር ሳይሆን እዚያው ሊጡ ውስጥ የተሠራ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ሰፊ ጥናት የእንጀራን፣ የጠላን፣ የጠጅንና የሌሎች በመፍላትና በመቡካት የሚዘጋጁ ምግቦቻችንንና መጠጦቻችንን ማይክሮባዮሎጂ በአንድ ላይ ሰብስበው አቅርበዋል፤ ማጀቱ ለሳይንስ ቅርብ መሆኑን ማየት ለሚፈልግ ተማሪ መነሻ ይሆናል።

ጋዝ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ጋዙን ይዞ ማቆየት ሌላ። ስንዴ ግሉተን የሚባል የሚለጠጥ ፕሮቲን ስላለው ጋዙን አፍኖ ይይዛል፤ ድፎ ዳቦ የሚነፋው በዚህ ነው። ጤፍ ግን ይህ የለውም። ታዲያ ጋዙ ከቀጭን ሊጥ ውስጥ በኖ እንዳይጠፋ ምን ይደረግ? እናቶቻችን መልሱን ያገኙት ላቦራቶሪ ሳይኖር ነው፤ አብሲት ይጥላሉ። በሊጡ ላይ ያቀረረውን ውሃ ይቀዱታል፤ ከሊጡ ጥቂት ወስደው በፈላ ውሃ ያበስሉታል፤ በረድ ሲል ወደ ሊጡ ይመልሱታል። የበሰለው ስታርች ሊጡን ወፈር ስለሚያደርገው የጋዙ አረፋ በቶሎ ሽቅብ ወጥቶ አያመልጥም። ለእርሾውም ለመፈጨት የቀለለ ምግብ ይሆንለታል። ብዙም ሳይቆይ ሊጡ ኩፍ ይላል። አብሲቱ እየተፋጀ ቢገባ ኖሮ እርሾውን ይገድለው ነበር፤ «በረድ ይበል» የሚለው ትእዛዝ ምክንያቱ ይህ ነው።

ምጣዱ ላይ ሲደርስ ደግሞ የበሩ ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጎመን ዘር ታስሶ በደንብ በጋለው ምጣድ ላይ ሊጡ ሲዞር፣ ሙቀቱ ከሥር አረፋዎቹን ይነፋቸዋል፤ ወደ ላይ ወጥተው ይፈነዳሉ፤ ሊጡ በዚያው ቅጽበት ስለሚረጋ የወጡበት ቀዳዳ ሳይደፈን ይቀራል። ጋጋሪዋ እስከዚያ ድረስ አትከድንም። ዓይኑ ከወጣ በኋላ አክንባሎውን ትደፋበታለች፤ የታመቀው እንፋሎትም የላይኛውን ገጽ ያበስለዋል። ቀድማ ብትከድን ዓይኑ ይበላሻል፤ ፈጽማ ባትከድን ደግሞ ላዩ ጥሬ ወይም ደረቅ ይሆናል። ከፍቶ መጠበቅ፣ ከዚያ መዝጋት፤ ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ።

ስለ ዳቦም አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1941 ቤከርና ማይዝ የተባሉ ተመራማሪዎች እርሾ በሊጥ ውስጥ አዲስ አረፋ መፍጠር እንደማይችል አሳዩ። እርሾው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የሚጨምረው ሊጡ ሲታሽ በገቡት ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ውስጥ ነው። ሊጡ ሳይታሽ እርሾ ብቻ ቢበዛበት ዳቦው ወጥ ሆኖ አይነፋም። «ደህና አድርገሽ እሺው» ያሉ አያቶች ጉልበት ለማባከን አልነበረም ያሉት።

አሁን ወደ ጋኑ እንሂድ። ጌሾው፣ ብቅሉ፣ እንኩሮው ገብቶ ድፍድፉ ሲዘጋጅ የጋኑ አፍ ይታሰራል፣ ይመረጋልም። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነገሩን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጥንቶታል። እርሾ አየር ሲያገኝ ይበዛል፤ አየር ሲያጣ አልኮል ይሠራል። ጋኑ ተከፍቶ ከቆየ ግን ሌላ እንግዳ ይመጣል፤ አልኮልን በኦክስጅን እየለወጠ ሆምጣጤ የሚያደርግ ባክቴሪያ። የተከፈተ ጠላ ሳይውል ሳያድር የሚኮመጥጠው በዚህ ነው። ስለዚህ ጠማቂዋ ልትጠጣው የፈለገችውን ያህል ቀድታ ወዲያው ትከድናለች።

ቅቤ ሲናጥስ? እርጎው እስከ አፍ ጢም ተደርጎ አይሞላም፤ ለአየር ቦታ ይተውለታል። ሲናጥ አየሩ ወደ እርጎው ገብቶ አረፋ ይሆናል፤ የስቡ ቅንጣቶችም በአረፋው ገጽ ላይ እየተሰበሰቡ ይጣበቃሉ። ናጯ በየመካከሉ አፉን ከፍታ የታመቀውን ጋዝ ታስተነፍሳለች፤ ከዚያ መልሳ ትዘጋለች። የተሞላ ዕቃ ቀኑን ሙሉ ቢናጥ ቅቤው አይወጣም።

ከምግቡ ሥር ያለውን እሳት አንርሳ። ሦስት ጉልቻ ከየአቅጣጫው አየር ይገባበታል፤ እሳቱ ይነድዳል፣ ሙቀቱ ግን ከነፋሱ ጋር ይሄዳል። ምርጥ ምድጃ የምንለው የእንጀራ መጋገሪያ የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል ተብሎ የተሰራጨው አየሩን በልክ ስለሚያስገባ ነው። በሩን በጣም መዝጋት ደግሞ ይገድላል። በቂ አየር ያላገኘ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ሳይነቃ ይቀራል። በክረምት ብርድ ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት በየዓመቱ ቤተሰብ የሚያጠፋ ጥፋት ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ።

በጓሮና በማሳ

መልካም የእርሻ አፈር ግማሹ ባዶ ነው። ከመጠኑ ግማሽ ያህሉ ማዕድንና ብስባሽ ሲሆን፣ የቀረው ግማሽ ቀዳዳ ነው፤ ተስማሚ በሆነ ጊዜ የቀዳዳው እኩሌታ ውሃ፣ እኩሌታው አየር ይይዛል። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ወስዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ጸሐይ የሚሞቀው ቅጠል ለምለም የሚሆነው ሥሩ ትንፋሽ ሲያገኝ ነው። ቀዳዳው ሁሉ ውሃ ከሞላ ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ 10,000 ይመጣል፤ አፈሩ ላይ ውሃ ተትረፍርፎ ተክሉ ይጠወልጋል። የጓሮ አትክልተኛ ይህን ሲያይ «ውሃ ጠምቶት ነው» ብሎ ይጨምርበታል፤ የታነቀውን መልሶ ያንቀዋል።

ከዚህ በተጨማሪ ገንዘብ ይጠፋል። አፈር አየር ሲያጣ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬትን ይተነፍሳሉ፤ ናይትሮጅኑም ጋዝ ሆኖ ይበንናል። ገበሬው በውድ ገዝቶ የበተነው ዩሪያ ወደ ሰማይ ሄደ ማለት ነው። ውሃ በተኛበት ማሳ ላይ ሰብሉ ቢጫ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በእኛ አካባቢ ይህ ጉዳይ ጎልቶ የሚታየው በዋልካ መሬት ላይ ነው። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ እግር ያስገባል። ክረምት ሲገባ ግን ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ውሃው መውጫ ያጣል። የጣና ተፋሰስ ገበሬ ለዚህ የቆየ መፍትሔ አለው፤ ፈሰስ ያወጣል። በማረሻ በማሳው ላይ አግድም ቦይ ቀድዶ ትርፉን ውሃ ያስወግዳል፤ አየሩም ወደ አፈሩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ የነበረው ኢልካ የተባለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ከኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ይህንኑ ሐሳብ አሻሽሏል፤ ሁለት የአገር ማረሻ አያይዘው ሰፋፊ መደብና በመካከሉ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ሠሩ። ፈሰስ ግን ጣጣ አለው። ተዳፋት ላይ ቁልቁል ከወጣ ውሃው አፈሩን ጠራርጎ ይወስደዋል፤ ቦይ የነበረው ሸለቆ ይሆናል። የሄደው አፈር የት እንደሚያርፍ ጣና ላይ ስንደርስ እናየዋለን።

ፎገራ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ ከማንጠፍጠፍ ይልቅ ውሃውን የሚችል ሰብል ተዘራበት። ሩዝ ከቅጠሉ እስከ ሥሩ የሚወርድ የአየር መተላለፊያ በገላው ውስጥ አለው፤ እግሩ ጭቃ ውስጥ ሆኖ ሥሩ ከላይ ይተነፍሳል። ወረታ ላይ የፎገራ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል የተቋቋመው ሩዝ በዚያ ሜዳ ሥር ስለ ሰደደ ነው።

ጤፍስ ለምን ይረገጣል? የ1,000 ፍሬ ጤፍ ክብደት ግማሽ ግራም አይሞላም። እንዲህ ያለ ዘር በተንኮፈሰ አፈር ውስጥ ከወደቀ ጠልቆ ይቀበራል፤ ወይም በትልልቅ ቀዳዳዎች መካከል እርጥበት አጥቶ ይደርቃል። ስለዚህ ገበሬው በተደጋጋሚ እርሻ የከፈተውን አየር፣ በዘር ቀን ከላይ ባለችው ስስ ሽፋን ላይ ብቻ ይቀንሰዋል። በደንብ ያረሰ ነው በደንብ ማስረገጥ የሚችለው።

የጓሮ አትክልት ያላችሁ ሰዎች ከዚህ የምትወስዱት ብዙ ነው። መደቡን ከፍ አድርጉት፤ እርጥብ ሳለ አትርገጡት፤ በእግር የተጠቀጠቀ ጭቃ ሲደርቅ ሸክላ ይሆናል። ኩትኳቶ አረም ለመንቀል ብቻ አይደለም፤ በዝናብ የተለሰነውን የአፈር ገጽ ሰብሮ በሩን ይከፍታል። ድንች ሲታቀፍ ልል አፈር ይሁን። በጀሪካንና በቆርቆሮ የምትተክሉ ደግሞ ከሥሩ መብሳት አትርሱ፤ ቀዳዳ የሌለው ጀሪካን የተክል መቃብር ነው። አቮካዶ ከሁሉ ይልቅ ውሃ የተኛበት ቦታ አይወድም፤ ሥሩ በቶሎ ይበሰብሳል።

ብስባሽ ሲዘጋጅም ሕጉ አልተለወጠም። አየር ያገኘ ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይግላል፤ የአረም ዘርና የበሽታ ተሐዋስያን በብዛት ይሞታሉ፤ ሽታውም የአፈር ነው። አየር ያጣ ክምር ይቀዘቅዛል፣ ይሸታል፣ ሚቴን ያወጣል። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ በዘላቂ ልማት ኢንስቲትዩት አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በትግራይ ከገበሬዎች ጋር ብስባሽን ሲያስፋፉ፣ ከሚሰጡት ምክር አንዱ በክምሩ መካከል ዱላ መትከል ነበር። ዱላው ሲነቀነቅ አየር ያስገባል፤ ሲነቀል ደግሞ ሙቀቱንና እርጥበቱን በእጅ ዳስሶ ለማወቅ ያስችላል። ወጪ የለውም። በአንጻሩ ፍግን ወደ ባዮ ጋዝ መለወጥ የሚፈልግ ሰው ጉድጓዱን ጨርሶ መድፈን አለበት፤ ሚቴን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲነካቸው ሥራ ያቆማሉ። አንድ ፍግ፣ ሁለት በር፣ ሁለት ውጤት።

ስለ እህል ማከማቻ በአጭሩ። ነቀዝ ይተነፍሳል። በደንብ የደረቀ በቆሎ አየር በማያስገባ ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ውስጥ ሲታሰር፣ ነቀዙ ያለውን ኦክስጅን ራሱ ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል፤ መርዝ አያስፈልግም። ያልደረቀ እህል ግን እንዲህ ቢታሰር ይሻግታል። መጀመሪያ ለጸሐይና ለነፋስ መክፈት፣ ከዚያ ማሰር፤ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ እህሉ ይጠፋል።

በጣና

አሁን ወደ ሐይቃችን እንምጣ። ሐይቁን ከሚመግበው ውሃ መነሻ እንጀምር፤ ሰከላ ውስጥ ያለውን የግሽ አባይን ምንጭ አውሮፓውያኑ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎብኝተውታል፤ ለእኛ ሕዝብ ግን ከእነርሱ በፊትም ጸበል ነበር። ከምድር ሆድ የሚወጣ ውሃ ብዙውን ጊዜ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነው፤ በድንጋይ ላይ እየተንከባለለና እየተሰበረ ሲወርድ ግን አየር ይጠጣል። ግልገል አባይ ሆኖ ጣና ይገባል፤ ከጣና ሲወጣ ደግሞ ጢስ አባይ ላይ ከ40 ሜትር በላይ ወርዶ ዳግመኛ ከአየር ጋር ይቀላቀላል።

ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ያህል ነው። ሰፊና ጥልቀቱ አነስተኛ መሆኑ በረከት ነው፤ ነፋሱ ላዩን ከታቹ ያማስለዋል፤ ኦክስጅኑ እስከ ወለሉ ይወርዳል። የጣና በር ነፋስ ነው ማለት ይቻላል።

ከዓሣዎቹ አምባዛ ከአየር ቀጥታ የሚተነፍስበት ተጨማሪ አካል ስላለው ኦክስጅን ባነሰው ውሃም ይኖራል። ነጭ ዓሣ ግን እንዲህ አይደለም። በጣና ውስጥ ከሌላ ቦታ የማይገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች መኖራቸው በዓለም የታወቀ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው፣ ፈጣንና ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። እንቁላሉ የሚተነፍሰው በጠጠሮቹ መካከል በሚያልፈው ውሃ ነው። ከተዳፋት የተጠረገው አፈር እዚህ ይደርሳል፤ ደለሉ በጠጠሩ መካከል ገብቶ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ እንቁላሉም ታፍኖ ይቀራል። የማሳው አፈር ጥበቃ የዓሣም ጥበቃ ነው የምንለው ስለዚህ ነው።

የጣናን ደንገል ስበሩና ውስጡን እዩት፤ በአየር ክፍሎች የተሞላ ነው። የነገደ ወይጦ ባለሙያዎች የሚሠሩት ታንኳ የሚንሳፈፈው በዚህ አየር ነው፤ ውሃ ሲመጥጥ እየከበደ ስለሚሄድ ዳር አውጥተው ያደርቁታል። ደንገል በሕይወት ሳለም ኦክስጅን ወደ ሥሩ ያወርዳል፤ ከሥሩም ጥቂቱ ወደ ጭቃው ይወጣል። በዚያ ጭቃ ውስጥ ፍሳሽን የሚያጠሩ ተሐዋስያን ይኖራሉ፤ ግንዱም ደለልን ያስቀራል። ዳርቻውን ከደንገል የሚያራቁት ሰው ሐይቁን የሚያጣራለትን ሠራተኛ እያሰናበተበት ነው።

እምቦጭ የሚባለው የውሃ አረምም የሚንሳፈፈው በአየር ነው። የቅጠሉ ዘንግ ያበጠና በአየር የተሞላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ መታየቱ ከታወቀ ወዲህ በተለይ በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ብዙ ውሃ ሸፍኗል። አረሙ ራሱ አየር እየተሞላ ከሥሩ ያለውን ውሃ ያፍነዋል። ነፋሱ ውሃውን እንዳያማስል ይጋርዳል፤ ብርሃን ይከለክላል፤ ሲሞት ደግሞ የሚያበሰብሱት ተሐዋስያን የቀረውን ኦክስጅን ይበሉታል። በእጁ ነቅሎ ያወጣውን ወገናችንን ሁሉ እናመስግነው። የወጣውን ደግሞ ዳር ላይ ክምር አድርጎ መተው አይጠቅምም፤ ዝናብና ማዕበል ይመልሰዋል። ከውሃው ርቆ በደንብ መድረቅ፣ ከዚያም በሚገባ እየተገላበጠ መበስበስ አለበት።

እምቦጭን የሚያፋፋው በውሃው ውስጥ ያለው ማዳበሪያ ነው፤ ከማሳ በጎርፍ የሚገባው እና ከከተማ በፍሳሽ የሚመጣው። አንዲት ባልዲ የመጸዳጃ ፍሳሽ ሐይቅ ውስጥ ስትገባ ባክቴሪያዎች እርሷን ለመፍጨት ኦክስጅን ይወስዳሉ፤ ያ ኦክስጅን የዓሣው ድርሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1914 በማንቸስተር ኤድዋርድ አርደርንና ዊልያም ሎኬት ፍሳሽ ውስጥ አየር እየነፉ፣ የተቀመጠውን ዝቃጭ ለሚቀጥለው ፍሳሽ መልሰው እየተጠቀሙበት ማጣራት እንደሚቻል አሳዩ፤ የዛሬዎቹ ብዙ ማጣሪያዎች በዚያው መንገድ ይሠራሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ባክቴሪያዎቹ ኦክስጅናቸውን ከሐይቁ ሳይሆን ከአየሩ ይውሰዱ፣ ሥራቸውንም ሐይቅ ሳይደርሱ ይጨርሱ።

ምን እናድርግ?

ጣናና አካባቢው እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰውና የተፈጥሮ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ ተመዝግቧል። ምዝገባው ለእኛ ክብር ነው፤ ሐይቁ ግን በወረቀት አይተነፍስም። መንግሥት ማጣሪያ መሥራት፣ ማዘጋጃ ቤቱ የዳርቻውን ደንገል ከግንባታ መከላከል፣ የግብርና ባለሙያው ፈሰስ ቁልቁል እንዳይወጣ መምከር አለባቸው። እነዚህን መጠየቅ መብታችን ነው፤ ጠይቁ።

የቤታችን ድርሻ ግን ማንንም አያስጠይቅም፣ ገንዘብም አይፈጅም። ከሰል የተቀጣጠለበትን ክፍል ክፈቱ። የጀሪካኑን ሥር ብሱ። በብስባሹ ክምር መካከል ዱላ ትከሉ። እህሉን ሳታደርቁ አትሰሩ። ለልጆቻችሁም አብሲት ለምን እንደሚጣል፣ ጋን ለምን እንደሚመረግ ከነምክንያቱ ንገሯቸው፤ ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ሙያውን አይጥልም፣ በአዲስ ቦታም ይጠቀምበታል። ፍሳሻችሁን ወደ ጣና የሚወስድ ቦይ ካለ ደግሞ ከነገ ጀምራችሁ ዝጉት፤ ይህ በር መዘጋት ያለበት ነው።